የኮርኒሱ ሕዝብ

ባለፈው ክረምት ሐራ አጠገብ ለሥራ ጉዳይ አንድ ለዓመታት ተዘግቶ የከረመ የእህል መጋዘን አስከፍተን ስንገባ፣ በሩ ገና ከመገፋቱ አንድ ሽታ መጥቶ ፊቴን መታኝ። አብረውኝ የነበሩት አፍንጫቸውን በክርናቸው ሸፍነው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ለማያውቀው ሰው ሽታው የከረመ ሽንትና የረጠበ አቧራ ድብልቅ ነው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያቃጥል፤ እኔን ግን ወልድያ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ወዳደግሁበት ቤት ወስዶ ከእናቴ አልጋ አጠገብ አቆመኝ። የመጋዘኑ ጠባቂ የፈራሁ መስሎት «የሌሊት ወፍ ነው፣ ሰው አይነካም» አለኝ። እኔ ቀና ብዬ ጨለማውን እያየሁ፣ ብዙ ይሁኑ ጥቂት በጆሮዬ ለመለየት እየሞከርኩ ነበር።

ቤቱ የእማማ ዘሀራ ነበር። እማማ ዘሀራ ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አንዱ ጅዳ፣ አንዷ ደሴ ሄደው የቀሩባቸው ባልቴት ሲሆኑ፣ ትልቁን ቤት ለእኛ አከራይተው ራሳቸው በጓሮዋ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ከግቢው በር አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ደግሞ መምህር ኪሮስ የሚባል፣ ከማይጨው የመጣ ወጣት የባዮሎጂ አስተማሪ ተከራይቷት ነበር። አባቴ የግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ተዛውሮ ሲመጣ እናቴንና እኔን ይዞን ስለመጣ በወልድያ ዘመድ የሚባል አልነበረንም። እናቴ «እዚህ አገር ሰው የለኝም» የምትለው፣ ሌላው ሰው «ዛሬ ጨው የለኝም» እንደሚለው ያህል ቀለል አድርጋ ስለነበር፣ ጉዳዬ ብሎ የሚሰማት አልነበረም።

ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ነበር። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ተተርትረው፣ እርስ በርስ ተሰፍተው፣ ከጣራው እንጨት ላይ በሚስማር ተወጥረው ኖራ ተቀብተዋል፤ ኖራው እየሳሳ ሲሄድ የከረጢቶቹ ጽሑፍ ከሥሩ ብቅ ይል ስለነበር፣ የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ጣራ እያነበብኩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚያ ጨርቅ በላይ፣ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለው ጨለማ ግን የእኛ አልነበረም። ኪራዩን የምንከፍለው እኛ ብንሆንም ቤቱን ለብዙ ዓመት የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

መጋቢት ገብቶ የበልግ ደመና ተራራው ላይ መጎተት ሲጀምር፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጭረት ይሰማ ነበር፣ አይጥ ነው ብለን የምናልፈው። በሳምንቱ ጭረቱ ይበዛና ከጭረቱ መሀል ቀጭን ጭውጭውታ ይጨመርበታል፤ ሚያዝያ ላይ ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር ይንጫጫ ነበር። መምህር ኪሮስ የሚመጡት ሴቶቹ ብቻ ናቸው ይል ነበር፤ ወንዶቹ በየገደሉ ተበታትነው ይቀራሉ፣ እርጉዞቹ ግን ተጠራርተው አንድ ጣራ ይመርጣሉ፣ ዘንድሮ የመረጡትን ከርሞም ይመርጣሉ። ጨርቁ መሀሉ ላይ ወደ ታች ይረግብ ነበር፣ ስፌቱ ዙሪያ ቡናማ እድፍ እየሰፋ ይሄድ ነበር። ሰው ሳያየኝ አልጋው ላይ ቆሜ መዳፌን ስለጥፍበት፣ ጨርቁ እንደታመመ ልጅ ግንባር ይሞቅ ነበር፣ ሙቀቱ ደግሞ ከእጄ ሥር ይንቀሳቀስ ነበር። ደንግጬ እጄን እሰበስብና ጥቂት ቆይቼ ደግሞ እለጥፈዋለሁ።

ጀምበር ስትጠልቅ፣ ግድግዳውና ጣራው ከሚገናኙበት፣ በጓሮ በኩል ካለች አንዲት ክፍተት ይወጡ ነበር። መጀመሪያ አንዷ ወጥታ ግቢውን ዞራ ትመለሳለች፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከታትለው፣ ሳይነካኩና ሳይዘገዩ፣ መርሳ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ረጅም ጥቁር መስመር ሠርተው ይሄዱ ነበር። ያ ሁሉ ፍጥረት ሲያልፍ የሚሰማው አንድ ዓይነት የጨርቅ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። እኔና መምህር ኪሮስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናያቸው ነበር፤ አባቴ ከሥራ ሲገባ መምህር ኪሮስ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ነበረው። የሌሊት ወፍ በተረቱ፣ ወፎች ግብር ሲጠይቋት ጥርሴን እዩ አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲጠይቋት ክንፌን እዩ ወፍ ነኝ እያለች አይደል የምታመልጥ፤ እና «ጋሽ ታደሰ፣ ይህን ሁሉ ግብር ያልከፈለ ሕዝብ አናትዎ ላይ አስቀምጠው እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ይለው ነበር። አባቴ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። እናቴ ካረገዘች በኋላ ግን መሳቁን ተወ።

ከእኔ በኋላ እናቴ ሁለት ወልዳ ነበር። አንዱ ጡት እንኳ ሳይዝ፣ አንዷ ክርስትና ሳትነሣ ሞተውባት፣ ሁለቱንም አባቴ በእጁ ነው የቀበረ። ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ ሾተላይ ማለት ዓይን የማያየው፣ ልጅን በጨቅላነቱ የሚቀጥፍ ጠላት ነው፣ ካለባት ሴት ቤት ደግሞ እርጉዝ ጎረቤት እግሯን ታሳጥራለች። ስለዚህ ሦስተኛውን ስታረግዝ እናቴ ከበፊቱም የበለጠ ብቻዋን ቀረች። ከሰፈራችን የምትኖር አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፤ እሷ መጥታ አይታት እንዳትነሣ፣ ውኃ እንዳታነሣ፣ ዳገት እንዳትወጣ አዘዘቻት። ይህ ልጅ ከሞተ ደግሞ ሌላ መሞከር እሷንም እንደሚያሳጣን ለአባቴ ከበር ውጭ ስትነግረው ሰምቻለሁ።

እናቴም ያንን በልግ በጀርባዋ ተኝታ፣ ኮርኒሱን እያየች አሳለፈችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምትነግረኝ የእነሱን ወሬ ነበር፤ ዛሬ በዛ ብለዋል፣ ዛሬ ወደ መስኮቱ በኩል ተጠግተዋል፣ ዛሬ ሙቀት ነውና ከጫፍ ተበትነው ውለዋል ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ከደጅ ስደርስ ድምጿን ሰምቼ፣ እንግዳ መጣላት ብዬ ደስ ብሎኝ ሮጬ ገባሁ። ማንም አልነበረም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው እንደሚወራው፣ ወገቧን ሌሊቱን እንዴት እንዳመማት ለኮርኒሱ ታወራ ነበር። እኔን ስታይ አላፈረችም። «እነሱም እንደኔ ናቸው፣ ሁሉም ሊወልዱ ነው የመጡት» አለችኝ። አንዳንዴ ደግሞ በቀስታ ታንጎራጉር ነበር፣ ከሰው የሰማችውን የወሎ ዜማ በጎንደር ቅላጼ እያበላሸች፤ ማንጎራጎር ስትጀምር ኮርኒሱ ዝም ይል ነበር። ቀስ በቀስ አልነበረም ዝም የሚል፣ ሁሉም እኩል ነበር። ስትጨርስ ሁሉም እኩል ይጀምራሉ። ያን ጊዜ እኔ ወደ በሩ እሸሽ ነበር፣ እሷ ግን ፈገግ ትል ነበር።

ግንቦት ሲገባ አባቴ ቤቱን ማዘጋጀት ጀመረ። በአገራችን ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ ቤቱ ይመረጋል፣ ይለቀለቃል፣ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፤ አራስን ነፋስ አይንካት ነው ነገሩ፣ ይህን ያላደረገ ባል ደግሞ እንደ ባል አይቆጠርም። የእናቴ ቀን ገና መስከረም ቢሆንም ክረምት ከገባ ምርጊት ስለማይደርቅ አባቴ አስቀድሞ ጭቃ አስቦካ፣ ጭድ አስመጣ። ጎረቤቶች ደግሞ መንገድ ላይ እያገኙት፣ እርጉዝ በላይዋ ላይ የሌሊት ወፍ ይዛ ምን ትወልዳለች፣ የቀደሙትን የበላቸው ይኸው ሽታ አይደለም ወይ ይሉት ነበር። አባቴ በቡዳም በጠንቋይም የሚያምን ሰው አልነበረም፤ ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ግን የሚያምነውን አይመርጥም።

እማማ ዘሀራ ሰምተው ከጓሮ መጡ፤ እሳቸው በሙሽርነታቸው ሲገቡ እዚያው እንዳገኟቸውና የአላህ እንግዳ ከቤት እንደማይገፋ ተናገሩ፣ አባቴ በትሕትና ሰማቸው፣ ጭቃውን ግን አላቆመም። መምህር ኪሮስም ቀልዱን ትቶ ለመነው።

«እስከ ጥቅምት ይታገሡ ጋሽ ታደሰ። ልጆቻቸው ክንፍ አውጥተው ራሳቸው ይሄዳሉ፤ ያኔ ቢደፍኑት ማንም አይጎዳም።»

«ሚስቴስ እስከ ጥቅምት ትታገሣለች ወይ?» አለው አባቴ።

በዚያው ምሽት የመጨረሻዋ ወጥታ መስመሩ ከዓይናችን ሲጠፋ፣ አባቴ መሰላል አቁሞ ክፍተቱን በማዳበሪያ ቅዳጅ ጠቀጠቀው፣ በላዩ ጭቃ ከጭድ አድርጎ መረገበት፣ በመዳፉም ደጋግሞ አለሰለሰው። ጥሩ ሥራ ነበር፣ አባቴ የጀመረውን ነገር አበላሽቶ አያውቅም። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ፤ ነፋስ እየዘጋልሽ ነው አልኳት፣ እውነትም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ጎህ ሲቀድ ያነቃኝ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ዝናብ አልነበረም። ተመልሰው መጥተው በጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይዳስሱት ነበር፣ ልስልስ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ፣ ሺህ ሰው በጣቱ ጫፍ በር የሚያንኳኳ ይመስላል። አንዳቸውም አልጮኹም። እናቴ ተቀምጣ ነበር፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች፤ አባቴ ወደ እሷ ዞሮ ሊናገር ሲል «ዝም በል፣ እንስማቸው» አለችው። ፀሐይ ስትወጣ ድምፁ አለቀ። ውጭ ወጥቼ ሳይ ግድግዳው ላይ ገና ያልደረቀው ጭቃ በትንንሽ ጥፍር ተጭሮ፣ አንድም ለስላሳ ቦታ አልቀረውም ነበር።

ጨርሰው ቢሄዱ ይሻል ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ግን ኮርኒሱ ባዶ እንዳልሆነ አወቅን። ከቆርቆሮው ሽብሽብ ሥር አባቴ ያላያት ቀጭን ቀዳዳ ነበረች፣ በእሷ ጥቂቶቹ ተመልሰው ገብተዋል። የቀድሞው ጫጫታ የለም፤ እዚህ ጥግ አንድ ጭረት፣ እዚያ ጥግ አንድ ጭረት ይሰማና ረጅም ዝምታ ይሆናል። መዳፌን ስለጥፍ ጨርቁ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ በፊት ያስፈራኝ የነበረው ብዛታቸው ነበር፣ ያን ሰሞን ግን ማነሳቸው የባሰ አስፈራኝ፤ ብዙ ሲሆኑ ስለ እኛ የሚያስቡ አይመስሉም፣ ጥቂት ሲሆኑ ግን እያንዳንዳቸው የሚያዳምጡን ይመስለኝ ነበር። እናቴ ወሬዋን ተወች። «አነሱ» ብቻ ትል ነበር፣ ያውም ስትጠየቅ። ማንጎራጎሯንም ብትሞክረው ለውጥ አልነበረውም፣ ድሮም ዝም ያለ ነገር ምን ዝም ይላል።

ሐምሌ ላይ መውደቅ ጀመሩ። በቀን፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ከላይ ጨርቁ ላይ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ባቄላ እንደመጣል ያለ፤ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሌላ፣ በማግስቱ ሌላ። አንድ ቀን ስፌቱ በተተረተረበት በኩል አንዱ ሾልኮ እናቴ ብርድ ልብስ ላይ ወደቀ። ከአውራ ጣቴ ጫፍ የማይበልጥ፣ ጠጉር የሌለው፣ ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ክንፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አንሥታ ለመምህር ኪሮስ እንዳሳየው ሰጠችኝ።

መምህር ኪሮስ ደጃፉ ላይ ወደ ብርሃኑ ይዞ ገለበጠው፣ አባቴም መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ከተወለደ ሰንብቷል አለ መምህሩ፣ እስካሁን ጠጉር ማብቀል ነበረበት፣ አላደገም። እናቶቻቸው ማታ ማታ ሊያድኑ ሲወጡ ሕፃናቱ አንድ ላይ ተዛዝለው ይጠብቃሉ፤ ብዙ ሲሆኑ አንዱ ለሌላው ምድጃ ነው፣ ጥቂት ሲሆኑ ግን የጠቡት ወተት ሁሉ ብርድ ለመከላከል ያልቅና ለማደጊያ የሚተርፍ የለም። ከልክ በላይ መብዛትም ይገድላል፣ ምግብ ያንሳል፣ ተባይ ይበዛል፣ ግን የመብዛት ሞት ጊዜ ይሰጣል አለ፣ የማነስ ሞት አይሰጥም። አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ አሁን ቢከፈትስ? መምህር ኪሮስ ሌሎቹ የት እንዳሉ ማን ያውቃል ብሎ ትንሹን ነገር በወረቀት ጠቀለለው።

እናቴ ያመማት በዚያው ሳምንት ነው። ጎርፉ ከዳገቱ እየወረደ መንገዱን ስለቆረጠው የትም ልንወስዳት አልቻልንም፤ ሲስተር በጎርፉ ውስጥ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። ልጅቱ ከቀኗ ሁለት ወር ቀድማ ወጣች። እንዳየኋት የመጣልኝን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከብርድ ልብሱ ላይ ያነሣሁት ያ ነገር ነው የመጣልኝ። ትተነፍሳለች፣ ግን ደረቷ ሲነሣና ሲወድቅ ካላዩ በቀር አይታወቅም። እናቴን ደግሞ ትኩሳት ጣላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ልጅቱን ማቀፍ አቃታት። ሲስተር ከሰል አይግባ፣ ጭሱ ይገድላታል አለች፤ ልብስ መደራረብም ከራሷ ሙቀት ስለሌላት ምንም አይጠቅማትም። «ገላ ለገላ ሰው ይያዛት፣ ሳይቋረጥ። ሙቀት ከሰው ካላገኘች ከየትም አታገኝም» አለችን።

ሰው ደግሞ አልነበረንም። እማማ ዘሀራ ይህን ሲሰሙ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ በዚያ ዝናብ፣ ወጡ። ሲመለሱ ዱበርቶቹን ይዘው ነበር፤ ዱበርቶች ማለት በወሎ ምጥ ሲጠና፣ ዝናብ ሲጠፋ ተሰብስበው አላህን የሚለምኑ የዕድሜ ባለጸጋ ሴቶች ናቸው። ሾተላይ ካለባት ቤት የሰፈሩ ወጣት ሴቶች እግራቸውን ሲያሳጥሩ እነዚያ አሮጊቶች አንዷ በሌላዋ ተደግፈው ገቡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አሉ። ዱዓው ሲያልቅ ሊነሡ ሲሉ እማማ ዘሀራ በሩን ዘጉት። ልመናው ተደርሷል፣ አሁን ደግሞ ገላችሁን ስጡ አሏቸው። ያችን ልጅ አንዷ ከልብሷ ሥር ደረቷ ላይ ታቅፋት ነበር፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ተጠግተው ይተኙ ነበር፣ ሲደክማት ለቀጣይዋ ታቀብላለች፤ እናቴን መሀል አድርገዋት፣ እኔንም ከእግራቸው ሥር ወትፈውኝ፣ መሬቱ ላይ አንድ ወጥ ጋቢ ሆንን። የእናቴን ወተት አልበው በማንኪያ ጫፍ ያንጠባጥቡላት ነበር። ክፍሉ ይታፈን ነበር፣ የቅቤና የላብ ሽታ ነበረው፣ ግድግዳው ያልብ ነበር።

ከላያችን ደግሞ መውደቁ አላቆመም። ዱዓ ሲደረግ ጠብ ይላል፣ ገንፎ ሲበላ ጠብ ይላል። ሁላችንም እንሰማ ነበር፣ ማንም ቀና አላለም፤ በየጊዜው ግን፣ ድምፁ በተሰማ ቁጥር፣ ልጅቱን የያዘችው ሴት ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ ታይ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሳይሰማ ዋለ። እንደገናም ሳይሰማ አደረ። ከእንግዲህ የሚወድቅ እንደሌለ ሁላችንም ገባን፣ አሁን የቀረችው ይህች ብቻ ናት።

አባቴ በአራስ ቤት ወንድ አይገባምና ያን ሁሉ ጊዜ በረንዳው ላይ ካኪ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጥ ነበር። አሮጊቶቹ ደክመው ከመሀላቸው ሁለቱ ሲታመሙ፣ እማማ ዘሀራ በሩን ከፍተው ጠሩት። «ና ግባ ልጄ፣ እፍረቱ ይቆይህ። ደረት አለህ አይደል?» አሉት። ገባ፣ ካፖርቱንና ሸሚዙን አወለቀ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ ልጅቱን ደረቱ ላይ አስቀመጡለት። አባቴ ከቢሮው ሲወጣ እንኳ ክራባቱን የማያላላ ሰው ነበር። በአሮጊቶቹ መካከል ራቁት ደረቱን ይዞ ተቀምጦ፣ ልጅቱን ላለመቀስቀስ ድምፁን ውጦ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። እናቴ ትኩሳቷ ገና አልወረደም ነበር፣ ግን ዓይኗን ገልጣ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች።

«ክፈትላቸው» አለችው።

በማግስቱ ዝናቡ ውስጥ መሰላሉን አቁሞ ያን ያማረ ምርጊት በመዶሻ አፈረሰው፣ ማዳበሪያውን ጎትቶ አወጣ። ከውስጥ የወጣ ነገር አልነበረም። ማታም ማንም አልመጣም።

ልጅቱ ግን ያዘች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማልቀስ ጀመረች፣ ሰው የልጅ ልቅሶ ሲሰማ እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም፤ መስከረም ላይ እናቴ ራሷ ታቅፋት ነበር፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ዱበርቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቋት። አባቴ ያሰበው ስም ነበረው፣ ግን አሮጊቶቹ አስቀድመው ብዙነሽ ብለው ይጠሯት ስለነበር ሌላው ስም ሳይያዝላት ቀረ።

በሚቀጥለው መጋቢት አባቴ ከሥራ እንደተመለሰ ጓሮ ሄዶ ከክፍተቱ ሥር ይቆም ጀመር። አንድ ጭረት ተሰማ፣ አንዲት ብቻ መጥታ ነበር። እናቴ እንኳ ተነሥታ ቆማ አዳመጠቻት። ከጥግ እስከ ጥግ ስትንፏቀቅ፣ ቆም ስትል፣ ስትንፏቀቅ ጥቂት ቀን ሰነበተችና ጠፋች። መምህር ኪሮስ ብቻዋን ለሆነች ያ ጣራ ቤት አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው አለ። አባቴ ግን በየዓመቱ በበልግ ይቆም ነበር፣ ነፋስ እየገባ ኮርኒሱን እያንጓጓው፣ ጎረቤት አስደፍነው እያለው፤ ሳይደፍነው ኖሮ ሳይደፍነው ሞተ።

ግቢው ቀስ በቀስ ሰው አለቀበት። እማማ ዘሀራ አርፈው ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት፣ ዱበርቶቹ አንድ በአንድ አለቁ፣ መምህር ኪሮስ በጦርነቱ ዓመታት ወደ አገሩ እንደሄደ ስልኩ አይሠራም፤ እናቴን እኔ ወደምኖርበት መርሳ አምጥቻት አብራኝ ትኖራለች። ብዙነሽ አዲስ አበባ ነች፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባሏ ጋር። ቁመቷ አጭር ከመሆኑ በቀር እንደዚያ ተወለደች ብሎ የሚገምት የለም።

ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወለደች፣ በቀኑ፣ ወፍራም፣ ጤነኛ። እኔና እናቴ ቅቤና በሶ ይዘን ሄድን። ልጁ የራሱ ክፍል አለው፤ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ሞቃት፣ ንጹሕ፣ በሩ የሚዘጋ፤ የትንፋሹን ድምፅ ወደ ሳሎን የሚያመጣ ትንሽ መሣሪያ ከፊታችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናቴ ከልጁ ጋር ማን አለ ብላ ጠየቀች። ብዙነሽ ማንም የለም፣ ብቻውን ሲሆን ነው ደህና የሚተኛ ብላ ሳቀች፣ ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያላት፤ የጎደለው ነገር እንደሌለ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እናቴ ወንበሯን ወደ መሣሪያው አስጠጋች።

ብዙነሽ ያን ክረምት ብዙ ጊዜ ተነግሯታል፣ እንደ ተረት ነው የምትሰማው፣ ጥፋቷም አይደለም። እንደገና ንገሩኝ ስትለን እኔና እናቴ የአሮጊቶቹን ስም ልንቆጥርላት ሞከርን፣ ግማሹ ጠፋን። ያኔ በዚያች ክፍል ከነበረው የትንፋሽ ብዛት የልጅቱን ለይቶ መስማት የሚቻል ነገር አልነበረም፣ ማን እንደተነፈሰ ማን እንዳልተነፈሰ ማን ያውቃል፤ ሁሉም በሁሉም ውስጥ ይተነፍስ ነበር። አሁን የሚሰማው አንድ ነው፣ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። በየመሀሉ ፀጥ ሲል ሦስታችንም ወሬያችንን እናቆማለን።